ስሙ የጠፋው የአያት ምግብ፦ ስልጆን ፈልጎ ማግኘት

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። በልጅነትዎ ደብረ ማርቆስ አካባቢ አያትዎ በሁዳዴ የሚያዘጋጁት አንድ ምግብ ነበር። መልኩ ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ ሆኖ በእንጀራ ይበላል፤ ይኮመጥጣል፤ ሲጎርሱት ደግሞ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። አያትዎ በማሰሮ አድርገው ምድጃው አጠገብ ያኖሩት ነበር፣ ልጆች ክዳኑን እንዳይነኩም ይከለከሉ ነበር። አሁን አያትዎ በሕይወት የሉም። እናትዎም «የባቄላ ነገር ነው» ከማለት በቀር ስሙንም አሠራሩንም አያስታውሱም። እርስዎ እልበት መስሎዎት ሜሪላንድ ሆነው ሁለት ጊዜ ሠርተዋል። «ይጣፍጣል፣ ግን እሱ አይደለም» ብለዋል።

ከገለጻዎ ስነሳ የሚፈልጉት ስልጆ ነው። እንዲህ ያልኩት በባቄላው አይደለም፤ ባቄላ ብዙ የጾም ምግብ ውስጥ አለ። የለየልኝ ማሰሮው ነው። እልበትም ከባቄላ ዱቄት ይሠራል፤ አብሽ ይገባበታል፤ ከበሰለ በኋላ እስኪነጣና አረፋ እስኪመስል ድረስ በማማሰያ ይመታል፣ ያኔውኑም ይቀርባል። እልበት ሲሠራ ልጅ የሚያስታውሰው የመምቻውን ድምፅ ነው። እርስዎ ግን የጻፉት ስለተከደነ ዕቃና ስለመጠበቅ ነው። ስልጆ አይመታም፣ ይቀመጣል። የሱፍ ውኃ ተጨምቆ ይፈላል፣ የባቄላ ዱቄት ገብቶበት እንደ አጥሚት ይበስላል፣ ሲበርድ የተወቀጠ ሰናፍጭ ይጨመርበትና እስኪኮመጥጥ ቀናት ይቆያል። አዚፋም ሰናፍጭ አለው፣ ነገር ግን የምስር ነው፤ መልኩም ጠቆር ያለ ነው፣ የሚኮመጥጠውም በሎሚ ነው። ቡጤቻ የሽምብራ ዱቄት ሆኖ ይፈረፈራል። ሱፍ ፍትፍት ነጭ ነው፣ ግን ቀጭን ነው፣ አያድርም። ተልባ ደግሞ ሙልጭልጭነቱ ስለሚለየው አይጠፋዎትም ነበር።

አንድ ማረጋገጫ ግን ከእናትዎ ያስፈልጋል፣ አጠያየቁም ወሳኝ ነው። «ያቃጥል ነበር?» ብለው አይጠይቋቸው፤ ማቃጠል ለበርበሬም ለቃሪያም ለዝንጅብልም ይባላል። «ይሰነፍጥ ነበር?» ይበሏቸው። ሰነፈጠ የምንለው አፍ አልፎ አፍንጫ ላይ የሚወጣውን፣ ዓይን የሚያስነባውንና ወዲያው የሚጠፋውን ነው። የሰናፍጭም ስም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ቃሉን ሲሰሙ ወዲያው እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው ከወሰዱ ነገሩ አልቋል። ስለ ኮምጣጤነቱም እንዲሁ፦ «እንደ ሎሚ ነበር ወይስ እንደ ቦካ ሊጥ?» ብለው ሁለት ነገር ያስመርጧቸው። እንደ ቦካ ሊጥ ካሉ የተቀመጠና የቦካ ነገር ነው።

በአዎና በአይደለም የሚመለስ ጥያቄ ከታላላቆቻችን ጋር አይሠራም። ይሉኝታ አለ። «ነጭ ሽንኩርት ነበረው?» ቢሏቸው እንዳያሳፍሩዎት «አዎ፣ ነበረው» ይላሉ፤ «ጤና አዳምስ?» «አዎ» ይላሉ። አሥር ጥያቄ ጠይቀው አሥር አዎ ይዘው ይመለሳሉ፣ በእጅዎ ግን ምንም የለም። ሁልጊዜ ሁለት እውነት ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮችን ያቅርቡ፣ ወይም ድርጊቱን ይጠይቁ። ደግሞ በስልክ ሳይሆን፣ የሚቻል ከሆነ፣ ሽንኩርት እየላጡ ወይም ቡና ተፈልቶ እያለ ይጠይቁ። እጅ ሥራ ሲይዝ ምላስ ይፈታል።

እናትዎ አላስታውስም ማለታቸው የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። በእኛ ቤት የአንድ ምግብ አሠራር ሙሉውን አንድ ሰው ዘንድ አይገኝም፣ ሥራው ተከፋፍሎ ነበርና እውቀቱም ተከፋፍሏል። አያትዎ የሚያውቁት ማዋሃዱን ነበር። ባቄላውን ወፍጮ ቤት ተሸክሞ የወሰደው ልጅ ብቻውን ተፈጨ ወይስ ከምን ጋር የሚለውን ያውቃል። ሱፉን ስታሽና ስታጠልል የነበረች የአጎት ልጅ በምን እንደተጠለለ፣ ስንት ጊዜ ውኃ እንደተጨመረበት እጇ ያስታውሳል። ጎረቤት ደግሞ ቀምሳ «የእሷ እኮ…» ብላ ከራሷ ጋር ታነጻጽር ነበር፤ ይህ ንጽጽር ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም የአያትዎ ስልጆ ከሠፈሩ የሚለይበትን የሚነግርዎ እሱ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ስትሠራ ያደገች ሴት ካለች ከሁሉ አስቀድመው እሷን ይፈልጉ፣ ብዙውን ጊዜ የሁሉንም ቁራጭ ያየችው እሷ ናት። በሰንበቴ ወይም በማኅበር አብረው ያዘጋጁ የነበሩ እናቶችንም አይርሱ።

ለእያንዳንዳቸው «አሠራሩን ንገሩኝ» አይበሉ። «ባቄላና ሱፍ ነዋ» የሚል መልስ ይመጣል፣ እሱን ደግሞ አሁን ያውቁታል። የሚጠፋው የአስቤዛው ዝርዝር አይደለም፤ የሚጠፋው ቅደም ተከተሉ፣ ሙቀቱና የቀኑ ብዛት ነው። ስለዚህ ከቀን አቆጣጠሩ ይነሡ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የሚገባውም ሰኞ ነው። «ሰኞ ሁዳዴ ሲገባ ስልጆው ደርሶ ነበር ወይስ ያኔ ነው የተጀመረው?» ይበሉ። ደርሶ ነበር ካሉ በቅበላ ሳምንት ተጥሏል ማለት ነው፤ «ታዲያ ባቄላው መቼ ተቆላ? ከቅበላው ሥጋ በፊት ነው በኋላ?» እያሉ ወደ ኋላ ይሂዱ። ሰው ቀን ቆጥሮ ባያስታውስም በዓልን ተንተርሶ ያስታውሳል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር፣ ሁለት ቀን ይሁን አምስት፣ ከማንኛውም ቅመም ይበልጥ ጣዕሙን ይወስናል።

ከዚያ የሚቀጥሉት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ባቄላው ተቆልቶ ነው የተፈጨው ወይስ ተቀቅሎና ደርቆ? ሱፉ በወንፊት ተጠለለ ወይስ በጨርቅ? ሰናፍጩ ድስቱ ከእሳት እንደወረደ ገባ ወይስ ሲበርድ? አያትዎ መብረዱን በምን ያውቁ ነበር፣ በጣታቸው? ማሰሮው አዲስ ነበር ወይስ ለዚሁ ብቻ የሚቀመጥ? በወይራ ይታጠን ነበር? ከባለፈው የተረፈ ማንኪያ ስልጆ በአዲሱ ላይ ይጨመር ነበር? እንደ ጤና አዳም ያለ ቅጠል ይገባበት ከነበረ፣ የሚገባው ሲጣል ነው ወይስ ሲቀርብ? ስለ ብዛት ሲጠይቁ ኪሎ አይጥሩ። «ማሰሮው እስከ አንገቱ ይሞላ ነበር? ስንት ሰው ስንት ቀን ይበላው ነበር?» ይበሉ። ሁለት የቤተሰብ አባላት የሚቃረን መልስ ከሰጡዎት አንዱን አይሰርዙ። አንዷ ሱፍ በርካሽ የተገኘበትን ዓመት፣ ሌላዋ የተወደደበትን እያስታወሱ ይሆናል። ሁለቱንም የማን እንደሆነ እየጠቀሱ ይጻፉ።

እናትዎ በቃላት ያላገኙትን በማሽተት ሊያገኙት ይችላሉ። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ጦስኝ በአራት ስኒ ለየብቻ ያድርጉ፣ ደረቅ ከሆኑ ትንሽ ለብ ያለ ውኃ ያርከፍክፉባቸው፣ በጨርቅ ይሸፍኑና ሳያሳዩ አንድ በአንድ ያሽትቷቸው። በመካከሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያሳርፏቸው። ከአራት በላይ ባንድ ጊዜ አይሁን፣ አፍንጫ ይሰለቻል። የቅጠሉን ስም እንዲያውቁ አይጠብቁ፤ የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ቃል ነው፦ «ይሄ የቅቤ ሽታ ነው»፣ «ይሄ የቡና ነው»፣ «ይሄ… ይሄ ማሰሮው ነው»። ጤና አዳም በቡና፣ ኮሰረት በቅቤ ስለሚታወቁ መልሳቸው ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይሄዳል። ከእነዚህ ሁሉ የተለየ መልስ የመጣበትን ቅጠል ምልክት ያድርጉበት።

አሁን ወደ ሸቀጡ። እልበትዎ ያልሆነው በአሠራሩ ልዩነት ነው፤ ስልጆም ሲሞክሩ ግን በሸቀጥ ስሕተት ብቻ ሊከሽፍብዎ ይችላል። ትልቁ ወጥመድ ሱፍ የሚለው ስም ነው። ለስልጆ የሚሆነው ሱፍ እሾሃማ ቅጠል፣ ብርቱካንማ ቢጫ አበባ ያለው ተክል ፍሬ ነው፤ ፍሬው ትንሽ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅና ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። በዘይት ጠርሙስ ላይ የምናየው የሱፍ አበባ ሌላ ነው፤ ፍሬው ትልቅ፣ ጥቁር ወይም ዥንጉርጉር ሆኖ ሲላጥ ግራጫ ነው። ውጭ አገር ብዙ ሰው የተላጠ የሱፍ አበባ ፍሬ ገዝቶ ይሠራል፤ ይቻላል፣ ግን ውኃው ግራጫ ይሆናል፣ ጣዕሙም ወደ ለውዝ ይሄዳል። እርስዎ የሚፈልጉት ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ ስለሆነ ትክክለኛውን ሱፍ ከአበሻ ሱቅ ይግዙ። አሜሪካ ውስጥ ይኸው ነጭ ሱፍ ለወፍ መኖ በከረጢት ይሸጣል፤ ለሰው ምግብ ተብሎ የጸዳ አይደለምና ይተዉት። ለዘር የሚሸጠውንማ ፈጽሞ አይንኩ፣ መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል።

ሁለተኛው ሰናፍጩ ነው። የአገራችን ሰናፍጭ ጥቁር ነው። የፈረንጅ ሱቅ ላይ በብዛት የሚገኘው ቢጫው ምላስ ያቃጥላል እንጂ አፍንጫ አይሰነፍጥም፣ ምክንያቱም የሚፈጥረው ቅመም አይተንም። የጥቁሩ ግን ይተናል፣ አፍንጫ የሚደርሰውም ለዚህ ነው። የአበሻ ሰናፍጭ ካጡ ከሕንድ ሱቅ ጥቁሩን ወይም ቡናማውን ፍሬ ይግዙ። በጠርሙስ የተዘጋጀውን አይግዙ፣ ኮምጣጤ አለበት። የተፈጨ ዱቄትም አይግዙ፣ ሳይወቀጥ የቆየ ፍሬ ብዙ ወራት ኃይሉን ሲይዝ ዱቄቱ ግን ቶሎ ይሞታል።

ባቄላው የተቆላ፣ የተከካና ቅርፊቱ የተለየ ሆኖ የተፈጨ ይሁን። ቅርፊት ካለበት ስልጆው ይጠቁራል፣ ይመርራልም። «የሽሮ እህል» ተብሎ የተቀላቀለ ዱቄት አይውሰዱ፤ ሽምብራ፣ አተር፣ አንዳንዴም ቅመም ይገባበታል። በአንዳንድ አካባቢ ጓያም ይቀላቀላል፣ ጓያ አዘውትረው ሲበሉት እግር ያሽመደምዳል። ሌላም አለ፦ ከቤተሰብዎ ባቄላ ሲበላ ሰውነቱ ቢጫ የሚሆን፣ ሽንቱ የሚጠቁር ሰው ካለ፣ ጂ ሲክስ ፒዲ የተባለው ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያማክር ስልጆም እልበትም አይቅመስ።

ለመጀመሪያው ሙከራ በትንሹ ይነሡ። የሚከተለው የአያትዎ መጠን ነው ብዬ አልሰጥዎትም፣ ከእሱ ተነሥተው ወደ አያትዎ የሚጠጉበት መነሻ ነው። ሱፍ 150 ግራም፣ ውኃ 1 ሊትር፣ የባቄላ ዱቄት 100 ግራም፣ ጨው 10 ግራም። ሰናፍጩን ለብቻው 15 ግራም ያዘጋጁ።

ሱፉን አጥበው 10 ደቂቃ ያህል ይቀቅሉት፣ ቅርፊቱ ይለሰልሳል። ውኃውን ደፍተው ሱፉን በሙቀጫ ይውቀጡት፤ ብሌንደር ካለዎት ከሊትሩ ግማሹን ውኃ ለብ አድርገው ጨምረው ይፍጩት። በጨርቅ አጥልለው ይጭመቁ፣ ገለባውን በቀረው ውኃ እንደገና አሽተው ይጭመቁት። ከዚያ የተገኘውን ሁሉ አንዴ እንደገና በጥቅጥቅ ጨርቅ ያጥልሉት። ሁለተኛውን ማጥለል ሰው ይዘልለዋል፤ የተዘለለ እንደሆነ የቅርፊቱ ስብርባሪ ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ቀምሰው «አሸዋ አለው» የሚሉትም እሱ ነው። የሚያገኙት እንደ ወተት የነጣ ውኃ ነው።

ከዚህ ነጭ ውኃ አንድ ብርጭቆ ያህል ቀዝቃዛውን ያስቀሩና ዱቄቱን በእሱ ይበጥብጡ። የቀረውን በድስት ያፍሉ። ሱፍ ሲፈላ ገንፍሎ ይወጣልና እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ ከአጠገቡም አይራቁ። ሲንተከተክ የተበጠበጠውን ዱቄት እያማሰሉ በቀጭኑ ያፍሱበት። ዱቄቱን ደረቁን የፈላ ውኃ ላይ ከነሰነሱት ይጓጉላል፣ የጓጎለው ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በዝግታ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ያብስሉት፣ ድስቱን ከሥር እየፋቁ ያማስሉ። መብሰሉን የሚያውቁት በሽታው ነው፤ ጥሬ ባቄላ፣ ሣር ሣር የሚለው ሽታ ጠፍቶ የቆሎ ሽታ ይተካል። ውፍረቱ ከማማሰያው ሲንጠባጠብ በላዩ ላይ ለቅጽበት መስመር ሠርቶ የሚጠፋ ይሁን። ሲበርድ ይወፍራልና ከዚህ በላይ አያወፍሩት። ጨውን አሁን ያግቡ።

እዚህ ላይ ነው ብዙው ስልጆ የሚበላሸው። ድስቱን በቀዝቃዛ ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው እያማሰሉ ያብርዱት፣ በቴርሞሜትር 40 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪወርድ። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ንጹሕ ማንኪያ ቀድተው የክንድዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጠብ ያድርጉ፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማዎት ሆኗል። ሰናፍጩን ያን ጊዜ ወቅጠው በሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ያርሱትና 10 ደቂቃ ይተዉት። ፍሬው ሳይሰበር አይሰነፍጥም፤ ኃይሉ የሚፈጠረው ሲወቀጥና ውኃ ሲያገኝ፣ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ሥራ ሲጀምር ነው። ፍል ነገር ላይ ከጨመሩት ኢንዛይሙ ይሞታል፣ የሚቀረው ምሬት ብቻ ነው። «ሰናፍጭ አበዛሁበት ግን አልሰነፈጠም» የሚል ሰው ድስቱ ትኩስ ሳለ ነው የጨመረው። በተቃራኒው ወዲያው ሲቀምሱት መራራ ቢሆንብዎ አይደንግጡ፣ አዲስ የራሰ ሰናፍጭ መጀመሪያ ይመርራል።

አሁን የበረደውን በሦስት ንጹሕ ማሰሮ ወይም ብርጭቆ ዕቃ በሚዛን 250 ግራም፣ 250 ግራም አድርገው ይክፈሉት። ያራሱትን ሰናፍጭ ከነውኃው ይመዝኑና በአንደኛው አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት እጅ፣ በሦስተኛው ሦስት እጅ እንዲሆን አካፍለው ያዋህዱ። በዕቃው ላይ ቀንና ቁጥር ይጻፉ። ቅመምና ቅጠል አሁን አያግቡ። በዚህ ሙከራ የሚፈልጉት የሰናፍጩን ልክና የቀኑን ልክ ብቻ ነው፤ ሁሉን ባንድ ላይ ከቀየሩ የትኛው እንዳቀረበዎት አያውቁም። አፉን በጨርቅ ሸፍነው ከላይ ክዳኑን ጣል ያድርጉበት፣ አያጥብቁት።

የሚቀመጥበት ቦታ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን። አያትዎ ምድጃ አጠገብ ያኖሩት ሌሊቱ ስለሚበርድ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከፍታ ነው፣ ብርዱን ያውቁታል። በሜሪላንድ ክረምት ማሞቂያው የጠፋበት ክፍል ውስጥ ካስቀመጡት አይኮመጥጥም፣ ራዲያተር ላይ ካስቀመጡት ደግሞ ሳይኮመጥጥ ይበላሻል። የፍሪጅ አናት ይሻላል።

የአገራችን ተመራማሪዎች ስልጆን በላቦራቶሪ ፈትሸውታል፤ የሚያኮመጥጡት ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እርጎን የሚያረጉት ዓይነቶቹ። ምግቡ የሚጠበቀውም በእነሱ አሲድ ነው። ስለዚህ እስኪኮመጥጥ ድረስ ያለው ጊዜ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነት፣ መለኪያ ወረቀት ርካሽ ነው፣ ይግዙ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። በ48 ሰዓት መውረድ መጀመር አለበት። በ72 ሰዓት 4.6 ወይም ከዚያ በታች ካልደረሰ ሳይቀምሱ ይድፉት፤ ያዝኑበት እንጂ አይሞክሩት። ላዩ ላይ ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ካዩ፣ ወይም ኮምጣጣ ሳይሆን የግም ሽታ ካለው እንዲሁ። ቀጭን ውኃ ላዩ ላይ ቢጠል ግን ምንም አይደለም፣ መልሰው ያማስሉት። ወደ 4.6 ከወረደ በኋላ ቀን በቀን ጠዋት አንድ የሻይ ማንኪያ ይቅመሱ፣ እናትዎንም ያስቀምሱ፣ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ። ልክ «እዚህ ላይ» ባሉበት ቀን ወደ ፍሪጅ ያስገቡት።

ቅመሙ የሚመጣው በሁለተኛው ዙር ነው። ሰናፍጩና ቀኑ ከታወቀ በኋላ አንድ ብቻ አድርገው ሠርተው፣ ከኮመጠጠ በኋላ ከፍለው በአንዱ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል (ለ250 ግራም አንድ ፍንካች ሽንኩርትና 3 ግራም ዝንጅብል ተወቅጦ)፣ በሌላው ላይ ያንኑ እናትዎ ሲያሸቱ ምልክት ከተደረገበት ቅጠል ጋር፣ በሦስተኛው ቅጠሉን ብቻ ያድርጉ። ለአንድ ሌሊት በፍሪጅ ይተዉትና ይቅመሱ። ጤና አዳም ከሆነ ከአንድ ትንሽ ቀንበጥ አይለፉ፣ መጠኑ ሲበዛ ምሬቱ ሁሉንም ይውጣል፤ ለነፍሰ ጡርም አይቀርብም። ቢጫነቱ ከእርስዎ ትዝታ ቢያንስ እርድ ለማግባት አይቸኩሉ። ባቄላው ጠቆር ብሎ ሲቆላ የስልጆው መልክ ራሱ ቀላ ይላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የቆላውን ደረጃ ይቀይሩ።

የአያትዎ ስኒ ወይም ማማሰያ በቤተሰቡ ውስጥ የቀረ ከሆነ ያስፈልጉት። ስኒውን በሚዛን ላይ አስቀምጠው ውኃ ይሙሉት፤ የውኃው ግራም የስኒው ሚሊሊትር ነው። «ሁለት ስኒ ባቄላ» ያለ ሰው ያለው ያንን ስኒ ነው እንጂ እርስዎ ቤት ያለውን አይደለም። እፍኝና ጭብጥ የሚሉ ዘመዶች ደብረ ማርቆስ ካሉ ዱቄቱን በእጃቸው ዘግነው ሰሐን ላይ እንዲያፈስሱና የሱቅ ሚዛን ላይ እንዲያስመዝኑት ይለምኗቸው። ሦስት ጊዜ ይዝገኑ፣ አማካዩን ይያዙ።

ሁሉ ደርሶ «ቀርቧል፣ ግን…» የሚል ነገር ከቀረ ሦስት ቦታ ይፈልጉት። አንዱ ጭሱ ነው። በወይራ የታጠነ የሸክላ ማሰሮ ስልጆውን ጭስ ጭስ ያሰኘዋል፤ በብርጭቆ ዕቃ ይህን አያገኙትም፤ የወይራ እንጨት ካገኙ የሸክላ ዕቃ አጥነው አንድ ዙር ይሞክሩ። ሁለተኛው እንጀራው ነው። ስልጆን ብቻውን አልበሉትም፤ ከጤፍ ውጪ ዱቄት በበዛበት፣ ባልኮመጠጠ እንጀራ ሲበሉት ስልጆው ከልክ በላይ የኮመጠጠ ይመስላል። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። በሁዳዴ ቤቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ነበር የሚበላው፣ ልጁም ቢሆን ሲጠብቅ ውሎ። የመጨረሻውን ቅምሻ ጠግበው ሳለ አያድርጉት።

እናትዎን ከላይ የጻፍኩትን ይጠይቁና ሦስት መልስ ይላኩልኝ፦ ይሰነፍጥ እንደነበር፣ ለሁዳዴ ሰኞ ደርሶ ይገኝ እንደነበር፣ እና ሲያሸቱ የተለየ ቃል ያመጣው ቅጠል የትኛው እንደሆነ። ሰናፍጭ የለበትም ካሉ ስልጆ ነው ያልኩትን ትቼ እንደገና ከማሰሮው እንጀምራለን።